ጥያቄ ሳይመለስ አዳራሹ አይዘጋም

ጥቅምት 9 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎስ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእናቴ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ጉልበቷም ቢሆን ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ስለሚነግረን እንደ ቤተሰብ ቆጥረነዋል።

"ይህች ልጅ ዛሬ ምን አስታወሳት?" እንደሚሉ አውቃለሁ። ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲያችንን የውስጥ ጉባኤ እንዳዘጋጅ ተሹሜያለሁ። "ተሹሜያለሁ" ስል እንዳይኮሩብኝ፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ብሎ ነው። ነገሩ እርስዎ ወደ ውጭ አገር ሳይሄዱ እዚህ በሚያስተምሩበት ጊዜ እንደነበረው ነው። ከውጭ እንግዳ አይጠራም፤ መምህራኑ ምን እየመረመሩ እንደሆነ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ችግሩ ማንም ከማንም ጋር አለመነጋገሩ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የኬሚስትሪ መምህርት በግቢው ውሃ ውስጥ ያለውን ጨው ትለካለች። ፊት ለፊቷ ያለው በር የጂኦሎጂው ሰውዬ ነው፤ እሱም የሚለካው ያንኑ ጨው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ "እንደምን አደሩ" ሲባባሉ ኖረው አንዳቸውም የሌላውን ሥራ አያውቁም። ይህን ስነግራቸው ሁለቱም የተቆጡት እኔን ነው!

ምክትል ፕሬዝዳንቱ በየስብሰባው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይላሉ። እስካሁን ድሩም አንበሳውም አልታዩም። ባለፈው ሳምንት ግን ጠርተው ቁርጡን ነገሩኝ። ይህ ጉባኤ እንዳለፉት ሁሉ ባዶ ወንበር ካስተናገደ የምርምር ማስተባበሪያው ይዘጋል፤ አዳራሹም የተሰበረ ጠረጴዛ ማከማቻ ይሆናል። የእኔ ኮንትራት ከማስተባበሪያው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሬው እዘጋለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ይላኩልኝ። ስለ ግቢው የጉድጓድ ውሃ ጀምረው የተዉትን። የጉባኤውን የድሮ ደንብ አግኝቼ አንብቤዋለሁ። "ጸሐፊው በሩቅ ካለ የሚያነብለት ሰው 'እኔ' እያለ ያንብብ፤ ለሚነሣውም ጥያቄ እንደ ጸሐፊው ሆኖ ይመልስ፤ ጥያቄ ሳይመለስ አዳራሹ አይዘጋም" ይላል። አንባቢዎ እኔ እሆናለሁ። የስታትስቲክስ መምህር ነኝና ስለ ውሃ የማውቀው መጠጣቱን ብቻ ነው፤ ግን ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኛል።

እናቴ "ለአክስቴ ልጅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከመሞቴ በፊት ይምጣ" ብላለች። ጉልበት እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም፤ አይደንግጡ።

አክባሪ ልጅዎ


ኅዳር 22 ቀን

ለውድ ወይዘሪት ለምን፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው። ይህን ስም ያወጣሁልሽ በእናትሽ ደብዳቤዎች ጥግ ላይ በእርሳስ "ለምን አይመጡም?" እያልሽ ትጽፊ ስለነበር ነው። አድገሽም አልተውሽኝም፤ ጥያቄሽን ብቻ አሳድገሽ መጣሽ።

ደብዳቤሽ ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ከረመ። የምለው አጥቼ አይደለም። ፖስታውን ባየሁት ቁጥር ሌላ ሥራ ትዝ ይለኛል። ስልክ ደውለሽ እንደነበርም ባለቤቴ ነግራኛለች። ስልክ እንደማላነሣ ታውቂያለሽ፤ ፊቱ የማይታይ ሰው ድምፅ አልወድም።

ጽሑፉን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ያ ደንብ የጓደኛዬ ሥራ ነው። የመለኪያ ሜትሮ ከኪሱ ስለማይጠፋ እሱንም "ሜትሮ" እንለው ነበር። የጉድጓዶቹን ውሃ አብረን ነበር የምንለካው። ስለሱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ሁለት ነገር ላስቸግርሽ። አንደኛ፣ ከእንጨት ሥራ ክፍሉ ጀርባ ያለው ጉድጓድ አሁንም ክዳን እንዳለው አይተሽ ጻፊልኝ። ከሩቅ ማየት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ከተነሣብሽ "ጠይቄው እመልሳለሁ" ብለሽ እለፊው። ደንቡን ደንብ ያወጣው ይጠብቀው።

ለእናትሽ ጉልበት ምሕረትን እመኛለሁ።

አጎትሽ


ጥር 16 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንኳን ደስ አለዎት፤ እኔንም ደስ ይበለኝ! ጤናዎን ሳልጠይቅ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ፤ ደስታው አላስችል ብሎኝ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ወንበር ከካፍቴሪያው አስመጣን። እንዴት ሞላ አይሉም? ለያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ ለብቻው "ጎረቤቶቻችሁ የምታቀርቡት ነገር እንደሌላችሁ እየተናገሩ ነው" አልኩት። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን የሚቀበል እጅ አጠረኝ። እልክ የማይሞላው አዳራሽ የለም።

የርስዎ ተራ ሲደርስ ወጥቼ "እኔ በወጣትነቴ ይህን ጉድጓድ ስለካ" ብዬ ጀመርኩ። ሰው ሳቀ። ጥቂት እንዳነበብኩ ሳቁ ቆመ። ስጨርስ የጂኦሎጂው ሰውዬ ተነሣ። እርስዎ ሊሄዱ ሲሉ ገና ጀማሪ ረዳት እንደነበረ ነግሮኛል። "በዝናብ ወራት ውሃው ከፍ ማለት ሲገባው ለምን ይወርዳል?" አለኝ። እንዳሉኝ "ጠይቄ እመልሳለሁ" ልል ስል ከኋላ "ደንብ ደንብ ነው!" የሚል ጩኸት ተነሣ። የምለውን ሳላውቅ አፌን ከፈትኩ።

ጋሼ፣ መለስኩ። አለቱ በሰሜን በኩል እንደተሰነጠቀ፣ ዝናብ ሲበዛ ስንጥቁ እንደሚሰፋና ውሃውን እንደሚወስደው ተናገርኩ። "አንድ ቀን ግራ እግሬ ጭቃው ውስጥ ገባና ጫማዬን ትቼው ወጣሁ፤ ስንጥቁን ያገኘሁት ጫማዬን ስፈልግ ነው" አልኩ። ጭቃው ካልሲዬ ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰማኝ ነበር። በኋላ ጽሑፍዎን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። ስለ ጫማ አንድም ቃል የለውም።

የኬሚስትሪዋ መምህርት ብድግ ብላ "እንግዲያው የኔ ጨው የሚመጣው ከዚያ ነዋ!" አለች። ከጂኦሎጂው ሰውዬ ጋር ተያዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱም በራቸውን ክፍት አድርገው ነው የሚውሉት፤ ክርክራቸው እስከ ደረጃው ድረስ ይሰማል። ምክትል ፕሬዝዳንቱም በየወሩ እንድንገናኝ አዝዘዋል።

ጉድጓዱ ክዳን አለው። ወፍራም ብረት ነው፤ ዙሪያው ሣር በቅሎበታል።

ስለ ጫማው መቼ ነው የጻፉልኝ? እናቴን ጠየቅኳት፤ እሷም አልሰማችም።

አክባሪ ልጅዎ


የካቲት 20 ቀን

ለውድ ወይዘሪት ለምን፣

ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። አዳራሹን በእልክ መሙላትሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኛ በምክርና በልመና ነበር የሞከርነው፤ ለዚህ ነው ያልሞላልን።

ጫማ አልሽ? እኔ ምንም ጫማ ትዝ አይለኝም። ባለቤቴን ብጠይቃት "ስንተዋወቅ መጀመሪያ ያሳቅከኝ በዚያ ጫማ አይደል?" አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ቀልድ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ውሃው በዝናብ ወራት ለምን እንደሚወርድ ጠየቀኝ። ሁልጊዜ የማስተምረው ነገር ነው። ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ቤት ስመለስ የላክሁልሽን ጽሑፍ ቅጂ አውጥቼ አነበብኩት። ሰውየው ጎበዝ ነው አልኩ በልቤ። ይህን ካልኩ በኋላ ነው ሰውየው እኔ መሆኔን ያስታወስኩት።

እርጅና ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል። ብቻ እዚያ የመለስሽውን መልስ በደንብ ጽፈሽ ላኪልኝ። ለተማሪዎቼ አስፈልጎኛል።

አጎትሽ


መጋቢት 12 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ጤናውን አብዝቶ ይስጥልኝ። መልሱን ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ስጽፈው እናቴ ከኋላዬ መጥታ ወረቀቱን አየችና "ደብዳቤ መጣ እንዴ?" አለች። የርስዎ የእጅ ጽሕፈት መስሏት ነው። እኔም ሳየው የርስዎ መሰለኝ።

ወርሃዊው ስብሰባ ደርቷል። የሕንፃ ምሕንድስና ክፍሉ መምህር ተጨምሮ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ለምን እንደሚረጥብ አብረው እያጠኑ ነው። አንዱ የለካውን ሌላው ይወስዳል፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ግቢ አይቼ አላውቅም። በየጊዜው ግን ስብሰባው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው "እርስዎስ ምን ይላሉ?" ይሉኛል። እኔም የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። ጉድጓዶቹ የት የት እንደነበሩ፣ የትኛው እንደተደፈነ፣ ማን እንደቆፈረው። ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ደስ ይላል።

ትናንት በር ላይ ጉሮሮዬን ስጠራርግ እናቴ ከጓዳ "ወንድሜ፣ መጣህ?" ብላ ሮጣ ወጣች፤ ጉልበቷን እንኳን ረስታ። እኔን ስታይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በሚያዝያ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ይመጣል። ጉባኤው ካማረ በርስዎ ጥናት ላይ የተመሠረተ የምርምር ማዕከል ይፈቀድልናል። እቀጥል? ወይስ ይቅር? አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ፦ ሜትሮ የት ሄዱ? ስማቸውን ባነሣ የጂኦሎጂው ሰውዬ ወሬ ቀየረብኝ።

አክባሪ ልጅዎ


ሚያዝያ 8 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። ይህን የምጽፈው በማለዳ፣ ራሴ ጥርት ባለልኝ ሰዓት ነው።

ሜትሮ ማን ነው?

ይህን ስጠይቅ ባለቤቴ እቃ እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ሳትዘጋ መጣች። የሠርጋችንን ፎቶ አምጥታ አሳየችኝ። አጠገቤ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፤ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሏል። የማላውቀው ሰው እንዲያ አቅፎኝ ሲስቅ ማየቴ አስፈራኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃት "እንዳታነሺብኝ ብለህ አስምለኸኛል" ብላ ውሃውን ልትዘጋ ተመለሰች።

ልጄ፣ አንቺ እዚያ ስትመልሺ ከእኔ እዚህ የሆነ ነገር ይሄዳል። እብደት እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅበት ነበር። መጀመሪያ ጫማው ሄደ። ቀጥሎ ጉድጓዶቹ ሄዱ። አሁን ሰው ሄደ። ሥራዬን ውሰጂው፤ ሥራ ይወረሳል፣ ደስም ይለኛል። ሰው ግን እንዴት ይወረሳል?

ስለዚህ እለምንሻለሁ፣ በቃሽ። ቦርዱ ፊት ሲጠይቁሽ "አላውቅም" በያቸው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም ይህን ቃል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም በራችንን ዘግተን የኖርነው እሱን ላለማለት ይመስለኛል። ማዕከሉ ይቀራል ብለሽ እንደምትፈሪ ይገባኛል። ቢሆንም ዝም አይነቅዝም።

ደብዳቤው በጊዜ እንዲደርስሽ ባለቤቴ አሁኑኑ ይዛው ትወጣለች።

አጎትሽ


ግንቦት 3 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንዴት ነዎት? አሁን የምጠይቅዎ ለወጉ አይደለም። እውነቱን ይጻፉልኝ።

ደብዳቤዎ ከጉባኤው በፊት ደርሶኛል። ኪሴ ውስጥ አድርጌው ገባሁ። ቦርዱ ፊት ለፊት ተደርድሯል፤ ምክትል ፕሬዝዳንቱ አንበሳቸውን አስረው ጨርሰዋል። አነበብኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ የሕንፃ ክፍሉ መምህር ነው፤ "ውሃው ከቤተ መጻሕፍቱ ስር ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?" አለ። "አላውቅም" አልኩ።

ምክትል ፕሬዝዳንቱ እኔን ሳይሆን ጣሪያውን ያዩ ነበር። አለቀልኝ፣ እንጀራዬ ተዘጋ ብዬ ስቆም የኬሚስትሪዋ መምህርት ተነሣች። "እኔም የአምናው ውጤቴ ለምን እንደተዛባ አላውቅም፤ እስከዛሬ ደብቄው ነበር" አለች። አንዱ ሳቀ። ሌላው ተነሥቶ የራሱን አላውቅም አመጣ። ከዚያማ ማን ያስቁመው! ሰው ወንበሩን እየጎተተ ወደማያውቀው ሰው ዞረ። የቦርዱ ሊቀ መንበር ሳይቀሩ ተነሥተው ጠየቁ። ማዕከሉ ተፈቀደ። እዚያው ተፈቀደ፣ ጋሼ! የተናገሩት ትክክል ነበር።

ጉባኤውን ልዘጋ ስል የጂኦሎጂው ሰውዬ ተነሣ። ዓይን ዓይኔን እያየ "ሜትሮ ከጠፋ በኋላ ለምን ትተኸን ሄድክ?" አለኝ። "ሄድሽ" አላለም፤ "ሄድክ" ነው ያለው። ማንም አልሳቀበትም።

"አላውቅም" አልኩ። ያለው አፌ ነው። ነገሩ ግን ጥያቄው ሳያልቅ ውስጤ ገብቶ ነበር። ለካ የሚወሰደው በመናገር አይደለም። እርስዎ ሆኜ ስቆምና ስጠየቅ ነው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር። ግን የርስዎ ነው፤ መመለስ አለብኝ።

ሜትሮ ለመለካት በገመድ ወረዱ። ገመዱን ከላይ ይዘው የነበሩት እርስዎ ነዎት። እየጠየቁና እርስዎ እየመለሱላቸው፣ እየቀለዱ ወረዱ። ከዚያ ገመዱ እጅዎ ላይ ቀለለ። ሲስቡት ቋጠሮው እንደታሰረ ባዶውን ወጣ። ጉድጓዱ ተቀዳ፣ ተፈተሸ፤ የተገኘ ነገር የለም። የርስዎ ጥፋት አልነበረበትም፤ ሁሉም ይህን ያውቃል። ከሐዘኑ በኋላ ሥራውን ልቀጥል ብለው ሜትሮውን ሲያወርዱ ከታች በጓደኛዎ ድምፅ "ውሃው የት ደረሰ?" የሚል ሰሙ። አልጮኹም፤ አድኑኝ አላሉም። እንደ ሥራ ቀን፣ ቀስ ብለው ነው የጠየቁት። በማግስቱም ጠየቁ። የብረቱን ክዳን ያስደረጉት እርስዎ ነዎት። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላም ተሰማ።

የሸሹት ድምፁን ፈርተው አይደለም። ጥያቄ ሳይመልሱ መተው እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ነው። አንድ ቀን ወርደው እንደሚመልሱላቸው ያውቁ ነበርና ከዚያ ቀን ሸሹ። ይህን ያህል ዓመት እዚያ ያኖረዎት ያ ፍርሃት ነው።

አሁን ፍርሃቱ እኔ ጋ ነው። በእንጨት ሥራ ክፍሉ በኩል ማለፍ አቁሜያለሁ። ይህን ሲያነቡ ይመለስልዎ። እንደ ድሮው ይፍሩ፣ ጋሼ። "ለምን አይመጡም?" ስል የኖርኩ እኔ ራሴ እለምንዎታለሁ፣ አይምጡ።

ልጅዎ


ግንቦት 25 ቀን

ለውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ከደስታ ጋር ይድረስሽ። ስለ ማዕከሉ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላስታውስም፤ ክብደት የወረደልኝ ያህል ነው የምነቃው። ስልክም ማንሣት ጀምሬያለሁ። ሰሞኑን ብትደውዪ እኔው አነሣልሽ ነበር።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። አጻጻፍሽ ግሩም ነው። ስለዚያ ስለ ገመዱ የጻፍሽው ቦታ ላይ ስደርስ "ምስኪን ሰውዬ" አልኩ፣ ለሁለቱም። እንደጠየቅሽኝ ልፈራ ሞከርኩ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። የሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚመስለኝ።

ባለቤቴ ታለቅሳለች። ምን ሆንሽ ስላት ሻንጣውን ታሳየኛለች። እስከዛሬ ከአገሬ የቀረሁበትን ምክንያት ባስብ ባስብ አጣሁት፤ ምክንያት ከሌለኝ ደግሞ ለምን እቀራለሁ? ቲኬት ቆርጫለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ መንገድ ላይ ነኝ። ለእናትሽ ንገሪልኝ፤ ደስ ይበላት።

አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀላል ነገር ጠይቆ የሚመልስለት ማጣቱ ያሳዝናል። እኛ ተመራማሪዎች ነን እንላለን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ወደዚያ ነው የምሄደው። የእንጨት ሥራ ክፍሉን ሰዎች ክዳኑን እንዲያነሡልኝ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እኔ እወርዳለሁ፤ ገመዱን አንቺ ትይዢልኛለሽ።

አጎትሽ